ከርነልና ዩዘርስፔስ የሚጋሩት ስትራክት፦ ስለ አላይመንት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ጥቂት ሆነን እየተገናኘን የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ከመሣሪያ ጋር የሚነጋገርበትን ኮድ፣ እንጽፋለን። አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለት ሦስታችን ሥራ ላይ ያለን ነን። አንድ ችግር ግን ሁሌም ይመለሳል። ድራይቨሩ ለብቻው ሲፈተሽ ይሠራል፣ ከከርነሉ ውጭ፣ ዩዘርስፔስ በሚባለው በኩል ያለው ፕሮግራሙም ለብቻው ይሠራል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ቁጥሩ ሁሉ ይዘበራረቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማንም እጁን ያላሳረፈበት ቦታ ላይ ነው፤ ስትራክቱ ውስጥ በፊልዶቹ መሃል ባሉት ባዶ ባይቶች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንመልሳቸው የቆየናቸውን ጥያቄዎች እዚህ አሰባስቤያቸዋለሁ። ሲ ቋንቋን በመጠኑ የምታውቁ ከሆነ ይበቃችኋል።

አላይመንት ምንድን ነው? ለምንስ ያስፈልጋል?

ሚሞሪ ማለት ተራ ቁጥር የተሰጣቸው የባይቶች ረድፍ ነው። አላይመንት ደግሞ አንድ ዳታ ከየትኛው ተራ ቁጥር ላይ መጀመር እንዳለበት የሚወስን ደንብ ነው። 4 ባይት የሚይዝ ቁጥር ለ4 ተካፍሎ ቀሪ በማይኖረው አድራሻ ላይ ይጀምራል፤ 2 ባይት የሚይዘው ለ2 በሚካፈል ላይ። ፕሮሰሰሩ ሚሞሪን ባይት በባይት እየለቀመ አያነብም፤ በጅምላ ነው የሚያነሳው። ቁጥሩ ድንበር ላይ ተጋድሞ ከተገኘ ሁለት ጊዜ ማንሳት ይኖርበታል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዝም ብለው ያልፉታል። ስፓርክ ግን «ባስ ኤረር» ብሎ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። የድሮዎቹ ኤአርኤሞች ደግሞ ከዚህ የባሰ ያደርጉ ነበር፤ ምንም ሳያስጠነቅቁ ባይቶቹ የተዟዟሩበት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጡ ነበር።

ስለዚህ ኮምፓይለሩ ቦታውን ራሱ ያስተካክላል። ስትራክት ውስጥ መጀመሪያ አንድ ቻር፣ ቀጥሎ አንድ ኢንት ብትጽፉ ድምሩ 5 ባይት አይሆንም፤ 8 ነው። ከቻሩ በኋላ 3 ባዶ ባይት ይገባል። ይህ ባዶ ቦታ ፓዲንግ ይባላል። መጨረሻም ላይ ሊገባ ይችላል፤ ስትራክቱ በአሬይ ሲደረደር ቀጣዩ በደንቡ ቦታ እንዲጀምር።

አንድ ፕሮግራም ውስጥ ስለዚህ ተጨንቄ አላውቅም። ከከርነል ጋር ሲሆን ምን ይለየዋል?

አንድ ፕሮግራም ውስጥ የሚሰፍረውም የሚቀበለውም አንድ ኮምፓይለር ነው፤ ክፍተቱን የትም ቢያስገባ ራሱ ያውቀዋል። ከርነልና ፕሮግራም ግን ለየብቻ ነው ኮምፓይል የሚደረጉት። ምናልባት በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ኮምፓይለር፣ በተለያየ ቋንቋ። ገበያ ላይ አንዱ ነጋዴ በራሱ ቁና ሰፍሮ ገብሱን ቢሰጥና ተቀባዩ በሌላ ቁና ቢሰፍረው ማንም ሳይዋሽ ሂሳቡ አይገጥምም። ሁለቱም «አምስት ቁና» ነው የሚሉት። እዚህም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም ወገን አንዱን ሄደር ፋይል አንብበው፣ የአንዱን ስትራክት ስም ጠርተው፣ የተለያየ መጠን ይዘው ሊወጡ ይችላሉ።

ሌላም ነገር አለ። ሊኑክስ ውስጥ ከርነሉ ሲታደስ የሰው ፕሮግራም መሰበር የለበትም የሚል ጥብቅ ደንብ አለ። ስለዚህ አንድ ስትራክት አንዴ ለሰው ከወጣ በኋላ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነበር» ብሎ መቀየር አይቻልም። ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ሰዓት ብታጠፉበት በኋላ ዓመታት ይቆጥብላችኋል።

በእርግጥ የሚያጋጥም ነገር ነው? ወይስ በመጽሐፍ ብቻ ያለ?

እኛን አጋጥሞናል፤ ሙሉውን ልንገራችሁ።

እዚህ ደጋው ላይ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ይከብዳል። ውርጭ የወረደበት ባቄላ ጠዋት ሲያዩት ጠቁሮ ነው የሚገኘው። የሌሊቱን ቅዝቃዜ በየሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ሠራን፤ ሴንሰሩ ማሳው ዳር ይቆማል፣ በኬብል ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ይገናኛል፣ ድራይቨሩን እኛው ጻፍነው። መዝገቡ ሦስት ፊልድ ብቻ ነበረው። መጀመሪያ የሴንሰሩ ቁጥር፣ ዩ32 (ከዜሮ በታች የማይወርድ ባለ32 ቢት ቁጥር)። ቀጥሎ ሰዓቱ በናኖሰከንድ፣ ዩ64። መጨረሻ ላይ የሙቀቱ መጠን በሺኛ ዲግሪ፣ ኤስ32 (ከዜሮ በታችም መውረድ የሚችል)። ማንም ሰው አይቶ የሚያልፈው ስትራክት ነው።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ከርነል 64 ቢት ነበር። ግራፉን የሚስልልን ላይብረሪ ግን በእጃችን የነበረው በ32 ቢት የተገነባ ብቻ ስለነበር ማሳያ ፕሮግራሙን በ32 ቢት ኮምፓይል አደረግነው። ሊኑክስ ይህን ይፈቅዳል፤ የተለመደም ነው።

ማሳያው ላይ የወጣውን ስናይ ደነገጥን። ከሦስት መስመር ሁለቱ ዜሮ፣ አንዱ ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር። በሺኛ ዲግሪ ነው ብላችሁ ብታካፍሉት 400 ሺህ ዲግሪ መሆኑ ነው። ሽቦውን ቀየርን። ሴንሰሩን ቀየርን። ሳምንት ሙሉ በከንቱ ሄደ።

ፍንጩን ያገኘው ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። በየሰዓቱ መሆኑን ትተን ለሙከራ በየሰከንዱ እንዲመዘግብ አድርገነው ነበር፤ ልጁ ትልቁን ቁጥር ብቻ ለይቶ ቁጭ ብሎ ያየው ጀመር። «ይሄ ነገር በየአራት ሰከንዱ ምናምን በአንድ ነው የሚጨምረው፣ ሙቀት እንዲህ እኩል እየተራመደ አይሄድም፣ ይሄ ሰዓት ነው» አለ። ልክ ነበር። ናኖሰከንድ የሚቆጥር ዩ64ን ለሁለት ብትቆርጡት የላይኛው ግማሽ በየ4.3 ሰከንዱ ገደማ በአንድ ይጨምራል፤ 2 በ32 ሲነሳ 4,294,967,296 ስለሆነ። ሙቀት ብለን ስናነብ የነበረው የሰዓቱን የላይኛውን ግማሽ ነበር።

ከዚያ የስትራክቱን መጠን በሁለቱም ወገን አሳተምነው። ከርነሉ 24 አለ። ፕሮግራሙ 16 አለ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በ64 ቢቱ ኢንቴል ደንብ ዩ64 ለ8 በሚካፈል ቦታ መጀመር አለበት። ስለዚህ ከሴንሰሩ ቁጥር በኋላ 4 ባዶ ባይት ገባ፣ ሰዓቱ ከ8 ጀመረ፣ ሙቀቱ 16 ላይ ተቀመጠ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ 4 ባዶ ታከለበት። በ32 ቢቱ ደንብ ግን ስትራክት ውስጥ ያለ ዩ64 ለ4 በሚካፈል ቦታ ይበቃዋል። ስለዚህ ሰዓቱ 4 ላይ፣ ሙቀቱ 12 ላይ፣ ድምሩ 16፤ ምንም ባዶ የለም። ፕሮግራማችን የ960 ባይት ባፈር ይዞ 60 መዝገብ ይጠይቃል፣ ከርነሉ 40 መዝገብ ሞልቶ ይሰጠዋል፣ ባይቱ ግን እኩል 960 ስለሆነ ማንም ስህተት አይልም። ሁለቱ ዜሮዎች ባዶዎቹ ባይቶች ነበሩ። እውነተኛው የሙቀት መጠን ደግሞ በሁለተኛው መስመር ላይ የሴንሰር ቁጥር መስሎ ቁጭ ብሏል። ሳምንቱን ሙሉ ዓይናችን ስር ነበር።

ማስተካከያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆነ። ሰዓቱን ወደ ላይ አወጣነው፤ ከዚያ የሴንሰሩ ቁጥር፣ ከዚያ ሙቀቱ። 8 ሲደመር 4 ሲደመር 4፣ በሁለቱም 16።

ታዲያ ደንቡ ትልቁን ማስቀደም ነው?

ጥሩ ልማድ ነው። የድንጋይ ካብ የሚክብ ሰው ትልልቁን ድንጋይ ከታች አስቀድሞ ትንንሹን ከላይ እንደሚያደርገው፣ መጀመሪያ 8 ባይት የሚይዙትን፣ ከዚያ ባለ4፣ ከዚያ ባለ2፣ ከዚያ ነጠላ ባይቶቹን ደርድሩ። በመሃል ክፍተት አይኖርም።

ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የመጨረሻው ክፍተት ይቀራል። አንድ ዩ64 እና አንድ ዩ32 ያለው ስትራክት በ64 ቢት 16 ባይት ነው፣ በ32 ቢት ኢንቴል 12። ትልቁን አስቀድማችሁም አልገጠመም። ስለዚህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ክፍተት ካለ ኮምፓይለሩ እንዲሞላው አትተዉት፣ በእጃችሁ ጻፉት። መጨረሻ ላይ «ፓድ» ወይም «ሪዘርቭድ» የሚባል ዩ32 ጨምሩና 16 አድርጉት። የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፊልድ በብዛት ታገኛላችሁ። ሌላው መንገድ «አላይንድ ዩ64» የሚባለውን ታይፕ መጠቀም ነው፤ ይሄኛው በ32 ቢትም ሆነ በ64 ቢት ለ8 እንዲካፈል ያስገድዳል። ሁለቱንም አንድ ላይ ብትጠቀሙ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

32 ቢት ኤአርኤም ቦርድ ላይ ሞክሬው በትክክል ሠርቷል። ይበቃኛል?

አይበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሁን በምንጠቀምበት የ32 ቢት ኤአርኤም ደንብ ዩ64 ለ8 ነው የሚካፈለው፤ ልክ እንደ 64 ቢቱ። ስለዚህ የኛ ስህተት እዚያ ቦርድ ላይ በፍጹም አይታይም ነበር። ለየት የሚለው 32 ቢቱ ኢንቴል ነው። ኤም68ኬ የሚባለው አሮጌ አርክቴክቸር ደግሞ ከዚያም ወርዶ ባለ4 ባይቱን ኢንት እንኳ ለ2 በሚካፈል ቦታ ያስቀምጠዋል። አንድ ማሽን ላይ ሠራ ማለት በዚያ ማሽን ደንብ ገጠመ ማለት ብቻ ነው።

ስትራክቱን «ፓክድ» ብለው አይገላግለኝም?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይሄንን ነው። ፓክድ ስትሉ ኮምፓይለሩ ክፍተቱን በሙሉ ያነሳል፣ መጠኑም በሁሉም ቦታ አንድ ይሆናል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። አላይን ያልሆነ ንባብ በማይፈቅዱ ፕሮሰሰሮች ላይ ኮምፓይለሩ ፊልዱን ባይት በባይት ለቅሞ እንዲገጣጥም ይገደዳል። ከዚያም የባሰው፣ የፓክድ ፊልድን አድራሻ ወስዳችሁ ለሌላ ፈንክሽን ብታቀብሉት ያኛው ፈንክሽን ፖይንተሩ አላይን የሆነ መስሎት ይሠራል። ጂሲሲ (የተለመደው የሲ ኮምፓይለር) ከ9ኛው ቨርዥን ጀምሮ ስለዚህ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን አታጥፉት።

ከርነሉ ራሱ የተጠቀመበት ዝነኛ ምሳሌ አለ። ኤፖል ፕሮግራም ብዙ ፋይሎችን በአንዴ የሚጠባበቅበት የከርነል ጥሪ ነው፤ የኤፖል ኢቨንት ስትራክት አንድ ባለ4 ባይት እና አንድ ዩ64 ነው ያለው። በኤክስ86-64 (በ64 ቢቱ ኢንቴል) ላይ ብቻ ፓክድ ተደርጓል፤ 12 ባይት ነው፣ ከ32 ቢቱ ጋር እኩል እንዲሆንና የ32 ቢት ፕሮግራሞች ቅርጹን መለወጥ ሳያስፈልግ እንዲሠሩ። በ64 ቢት ኤአርኤም ላይ ግን ያው ስትራክት 16 ባይት ነው። ከሲ ውጭ በሆነ ቋንቋ ኤፖልን በቀጥታ ለመጥራት የሞከረ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ብዙ ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል።

የኔ ምክር፦ ፓክድ የሚጠቅመው ቅርጹ ከውጭ ተወስኖ ለመጣ ዳታ ነው፤ ለምሳሌ ለኔትዎርክ ፓኬት። አዲስ ስትራክት ራሳችሁ የምትነድፉ ከሆነ ግን ፊልዶቹን አስተካክሎ መደርደር ይሻላል።

የትኞቹን ታይፖች ልጠቀም? የትኞቹንስ ልተው?

መጠናቸው በስማቸው የተጻፈውን ተጠቀሙ። ከፊታቸው ሁለት አንደርስኮር ያላቸው ዩ8፣ ዩ16፣ ዩ32፣ ዩ64 እና ኤስ የሚጀምሩት አቻዎቻቸው ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው።

ሎንግን ተዉት። ሊኑክስ ላይ በ32 ቢት 4 ባይት፣ በ64 ቢት 8 ባይት ነው። ፖይንተርም እንዲሁ፤ አድራሻ ማሳለፍ ካለባችሁ በዩ64 አሳልፉትና ከርነሉ ውስጥ ወደ ፖይንተር መልሱት፣ ለዚህ የተዘጋጀ «ዩ64 ቱ ዩዘር ፖይንተር» የሚባል ማክሮ አለ። ቢትፊልድም አይመከርም፤ ቢቶቹ ከየት በኩል እንደሚጀምሩ የሚወስነው የየአርክቴክቸሩ ደንብ ነውና። በዩ32 ላይ ማስክ መጠቀም ይሻላል። ኢነም መጠኑን ኮምፓይለሩ ስለሚመርጥለት እሱንም በዩ32 ተኩት። ቡል ከሆነ ደግሞ ዩ8 ይበቃል።

ሰዓት ለብቻው መነሳት አለበት። በ32 ቢት ሲስተሞች የቆየው የሰዓት ታይፕ 32 ቢት ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሞላል። ሊኑክስ ከ5.1 ጀምሮ ለ32 ቢት አርክቴክቸሮች ባለ64 ቢት የሰዓት ሲስተም ኮሎችን (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠራባቸውን) አምጥቷል። እናንተ ዛሬ የምትነድፉት ስትራክት ውስጥ የድሮውን ታይፕ የምታስገቡበት ምንም ምክንያት የለም። ናኖሰከንድ በዩ64 ወይም በኤስ64 ይሁን።

ክፍተቱ ውስጥ ያለው ባይት ምን ጉዳት አለው? ማንም አያነበውም አይደል?

የሚያነበው ሰው አለ። የደህንነት ጉዳይ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው፤ ስለዚህ ይሄንን መልስ እባካችሁ ቸኩላችሁ አትለፉት።

ከርነሉ ውስጥ ስትራክቱን ስታክ ላይ ስታስቀምጡት እዚያ ቦታ ቀድሞ የነበረ ነገር አለ። ሌላ ፈንክሽን ትቶት የሄደ ቁጥር፣ የከርነል አድራሻ፣ ምናልባትም የይለፍ ቁልፍ ቁራጭ። ሦስቱን ፊልድ አንድ በአንድ ሞላችሁ፤ ፓዲንጉን ግን ማንም አልነካውም። ከዚያ ዳታ ከከርነል ወደ ፕሮግራም የሚገለብጠው «ኮፒ ቱ ዩዘር» 24ቱንም ባይት እንዳለ ለተጠቃሚው ይሰጣል። 8ቱ ባይት የከርነሉ ምስጢር ነው። የከርነል አድራሻ በዚህ መንገድ ከወጣ ደግሞ ከርነሉ በየቡቱ ቦታውን እየቀያየረ የሚደበቅበት መከላከያ ይከሽፋል። ሊኑክስ ውስጥ በዚህ መልኩ የወጡ ብዙ ስህተቶች ታርመዋል።

«መጀመሪያ ላይ እኩል ምልክት አድርጌ በቅንፍ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ» የሚል መልስ እሰማለሁ። ያ ፊልዶቹን ዜሮ ያደርጋል፤ ፓዲንጉም ዜሮ ይሆናል የሚል ዋስትና ግን የለውም። መጀመሪያ በሜምሴት ሙሉውን አጽዱ፣ ከዚያ ፊልዶቹን ሙሏቸው። ባፈሩን ከሂፕ የምትወስዱ ከሆነም ዜሮ አድርጎ በሚሰጠው «ኬዜድአሎክ» ውሰዱ፤ የኛ መስመሮች ዜሮ ሆነው የታዩት በዚሁ ምክንያት ነበር፣ ያን ባናደርግ ኖሮ የከርነል ቁርጥራጭ ነበር የምናየው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ክፍተቱ ከነጭራሹ አለመኖሩ ነው። በስም የተጻፈ ፊልድ ከሆነ መሙላት እንዳለባችሁ ዓይናችሁ ያያል።

«ሪዘርቭድ» ያልኩትን ፊልድ በኋላ ልጠቀምበት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዜሮ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ብቻ። ፕሮግራሙ የላከው ሪዘርቭድ ዜሮ ካልሆነ ድራይቨሩ ወዲያው «ኢኢንቫል» (የተላከው ልክ አይደለም የሚል የስህተት ኮድ) ብሎ ይመልስ። ይህን ካላደረጋችሁ ሰዎች ያላጸዱትን ባይት እየላኩ ለዓመታት ይሠራል። በኋላ ለፊልዱ ትርጉም የሰጣችሁት ቀን የእነሱ ፕሮግራም ይሰበራል፣ ጥፋቱም የእናንተ ይሆናል።

ስትራክቱ ወደፊት ይሰፋል ብላችሁ ካሰባችሁ መጠኑን አብሮ ማስላክ ይሻላል። ሊኑክስ 5.4 ላይ «ኮፒ ስትራክት ፍሮም ዩዘር» የሚባል ረዳት ፈንክሽን ገባ። ፕሮግራሙ የድሮ ሆኖ ትንሽ ስትራክት ከላከ የቀረውን በዜሮ ይሞላዋል። ፕሮግራሙ ከከርነሉ አዲስ ሆኖ ትልቅ ከላከ ደግሞ ትርፉ ሁሉ ዜሮ መሆኑን አይቶ ይቀበላል፤ ካልሆነ «ኢ2ቢግ» (ከመጠን በላይ ትልቅ ነው) ይላል። ፋይል የሚከፍተው ኦፕንአት2 የሚባል ሲስተም ኮል የሚሠራው በዚህ ነው።

በ32 ቢት ፕሮግራሜ አዮክትል ስጠራ ስህተት ቁጥር 25 ይመልስልኛል። በ64 ቢት ይሠራል። ምንድን ነው?

አዮክትል ፕሮግራም ለድራይቨር ትእዛዝ የሚልክበት ጥሪ ነው። መጀመሪያ ድራይቨሩ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ጥሪ የሚቀበለው «ኮምፓት አዮክትል» የሚባል ፈንክሽን እንዳለው እዩ፤ ከሌለው የ32 ቢት ጥሪ ጭራሽ አይደርሰውም። ካለው ግን የስትራክቱ መጠን ነው። የአዮክትል ትእዛዝ ቁጥር ውስጥ የስትራክቱ መጠን ራሱ ተቀብሮ አለ፤ በአብዛኞቹ አርክቴክቸሮች 14 ቢት ለመጠኑ ተመድቦለታል። መጠኑ 16 እና 24 ሆኖ ከተለያየ የትእዛዙ ቁጥርም ይለያያል፣ ድራይቨሩም «ይህን ትእዛዝ አላውቀውም» ይላል። እውነቱን ለመናገር ይህ በረከት ነው። እኛ መዝገቡን የወሰድነው በሪድ፣ በተለመደው የማንበቢያ ጥሪ ነበር፤ በዚያ ፈንታ አዮክትል ተጠቅመን ቢሆን ኖሮ ሳምንት አናጠፋም ነበር፤ ገና ስንጀምር ይነግረን ነበር።

ስትራክቱን ቀድሜ ለቅቄዋለሁ፣ አሁን ነው ስህተቱን ያየሁት። ምን ላድርግ?

የለቀቃችሁትን አትንኩ። ከርነሉ ውስጥ የ32 ቢቱን ቅርጽ በትክክል የሚገልጽ ሁለተኛ ስትራክት ጻፉ፤ ዩ64ን በ32 ቢቱ ደንብ የሚያስቀምጥ «ኮምፓት ዩ64» የሚባል ታይፕ አለ። ከዚያ በኮምፓት አዮክትል በኩል የመጣውን ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው እየገለበጣችሁ አስተናግዱ። ኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲስተም ውስጥ ይህንኑ የ32 ቢት ኢንቴል አላይመንት ለማስተናገድ ብቻ የተጻፈ ኮድ እስከ ዛሬ አለ። በሪድ በኩል ከሆነ ደግሞ የጠራው 32 ቢት መሆኑን «ኢን ኮምፓት ሲስኮል» በሚባለው መጠየቅ ይቻላል። አያምርም፤ ግን ሰው ፕሮግራሙን ሳይነካ መሥራቱን ይቀጥላል።

በኤምማፕ ሚሞሪውን ራሱን ብንጋራውስ?

ኤምማፕ አንዱን ሚሞሪ ለፕሮግራሙም ለከርነሉም የሚከፍት ጥሪ ነው። ያኔ ኮፒ የለም፤ ሁለቱም ወገን አንዱን ባይት በአንድ ጊዜ ነው የሚያዩት። እስካሁን ያልኩት ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሦስት ነገር ይጨመራል።

አንደኛ፣ ሁለቱ ወገን የሚነካኩበት ቆጣሪ በተፈጥሮ ቦታው አላይን መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ሊነበብ ይችላል። ፊውቴክስ (ፕሮግራሞች በጋራ ቁጥር ላይ የሚጠባበቁበት ሲስተም ኮል) ለምሳሌ አድራሻው ለ4 ካልተካፈለ ወዲያው «ኢኢንቫል» ይላችኋል። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው የሚያንቀሳቅሰውንና አንባቢው የሚያንቀሳቅሰውን ቆጣሪ በተለያየ ካሽ ላይን (ፕሮሰሰሩ ሚሞሪን በአንዴ በሚያነሳበት ቁራጭ) ላይ አስቀምጡ። በአብዛኞቹ ማሽኖች ካሽ ላይን 64 ባይት ነው። አንድ ላይ ካደረጋችኋቸው ሁለት ኮሮች አንዱን ካሽ ላይን ሲነጣጠቁ ይውላሉ። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ከርነሉ እያነበበ ሳለ ቁጥሩን ሊቀይርበት ይችላል። ስለዚህ ከርነሉ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ የራሱን ቅጂ ይያዝ፣ የሚፈትሸውም የሚጠቀምበትም ያንኑ ቅጂ ይሁን።

ጥሩ ሥራ ማየት የሚፈልግ አይኦ ዩሪንግን፣ ፕሮግራምና ከርነል በጋራ ሚሞሪ ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበትን፣ ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሊኑክስ 5.1 ጋር የገባ ነው። ጥያቄ የሚጻፍበት ስትራክት በመደበኛው ቅርጹ ልክ 64 ባይት ነው፣ መልሱ 16። ፖይንተሩ ሁሉ በዩ64 ነው የሚያልፈው። ፊልድ በፊልድ እየቆጠራችሁ ብታነቡት ብዙ ትማራላችሁ።

የገጽ (ከርነሉ ሚሞሪን የሚያድልበት ቁራጭ) መጠንም 4096 ነው ብላችሁ አትጻፉ። በ16 ወይም በ64 ኪሎባይት ገጽ የሚሠሩ የኤአርኤም ከርነሎች አሉ። ሲስተሙን ጠይቁት።

እኔ የምጽፈው በፓይተን፣ በረስት ወይም በጎ ነው። ይመለከተኛል?

ይመለከታችኋል። ረስት ካልነገራችሁት ፊልዶቹን እንደፈለገ ይደረድራል፤ በሲ ደንብ እንዲደረድር «ሪፐር ሲ» በሉት። የፓይተን ስትራክት ሞጁል በነባሪው የሲን ክፍተት ይጨምራል፣ ፎርማቱ በ«ያንሳል» ምልክት ከጀመረ ግን ምንም ክፍተት አያስገባም፤ በነባሪውም ቢሆን የመጨረሻውን ክፍተት ራሱ አይጨምርላችሁም። ጎ ደግሞ በ32 ቢት ኢንቴል ላይ ባለ64 ቢቱን ቁጥር ለ4 ነው የሚያስተካክለው፣ ፓክድ የሚባል ነገርም የለውም። ክፍተት የሌለው ስትራክት ከነደፋችሁ ግን የክፍተቱ ጭንቀት አይኖርባችሁም።

በዓይኔ መቁጠር ይሳነኛል። የሚያሳየኝ መሣሪያ አለ?

ፓሆል አለ። በዲበግ መረጃ ኮምፓይል የተደረገ ፋይል ስጡት፤ እያንዳንዱ ፊልድ ከየት እንደሚጀምር፣ ስንት ባይት እንደሆነ፣ ክፍተቱ የትና ስንት እንደሆነ ያሳያችኋል። የውርጩን መዝገብ ብናሳየው ኖሮ «እዚህ 4 ባይት ቀዳዳ አለ» ብሎ በአንድ ሰከንድ ይነግረን ነበር። ጂሲሲም ፓዲንግ ሲያስገባ የሚያስጠነቅቅበት አማራጭ አለው፤ ለትልቅ ኮድ ይጮሃል፣ ለአንድ ሄደር ፋይል ግን ግሩም ነው።

ከዚያ ያገኛችሁትን ኮዱ ውስጥ ቸንክሩት። «ስታቲክ አሰርት» ብላችሁ መጠኑ 16 መሆኑን፣ በ«ኦፍሴት ኦፍ» ደግሞ እያንዳንዱ ፊልድ ከየት እንደሚጀምር ጻፉ። ነገ አንድ ሰው በመሃል ዩ8 ቢጨምር ኮዱ ኮምፓይል አይደረግም። እኛ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ስትራክት ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንን ነው፤ አሰርቱ የታለ?

ይህንኑ የፍተሻ ፋይል ሁለት ጊዜ ኮምፓይል አድርጉት፤ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ለ32 ቢት በሚያደርገው በኤም32 አማራጭ። ሁለቱም ካለፉ ለኢንቴል ጨርሳችኋል።

ኤም32 ስል ሄደር ፋይል ጠፋ ይለኛል።

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ከሆነ «ጂሲሲ መልቲሊብ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። የ32 ቢቱን ላይብረሪና ሄደር ይዞላችሁ ይመጣል።